ምዕራፍ ስምንት፤ ጥርስ ለምን ይጣመማል? እንዴትስ ይቃናል?

መግቢያ

ባለፈው ምዕራፍ የአንድን ሥራ አካሄድ በቅደም ተከተል መጻፍን ተምራችኋል። ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ወይም ችግኝ እንዴት እንደሚተከል ስትጽፉ፣ ቀድሞ የሚሠራውን አስቀድማችሁ፣ ተከትሎ የሚሠራውን አስከትላችሁ ማስቀመጥ ይበቃችሁ ነበር። የዚህ ምዕራፍ ሥራ ግን ከዚያ ከበድ ይላል። አንድ ነገር ከሌላው ቀድሞ መሆኑ ብቻ የዚያ ምክንያት አያደርገውም። ቀዳሚውን ከምክንያቱ ለይቶ መጻፍ የማይችል ሰው፣ ቋንቋው ምንም ያህል ቢያምር አንባቢውን ያሳስታል፤ ከምንባቡ እንደምታዩት፣ ስሕተቱ አንዳንድ ጊዜ በሰው አካል ላይ ጕዳት እስከ ማድረስ ይደርሳል።

ርእሰ ጉዳያችን ጥርስ ነው። የመረጥነውም ሁላችሁም ምሳሌውን በአፋችሁ ይዛችሁ ስለምትዞሩ ነው። ወደ ምንባቡ ከመግባታችሁ በፊት አፋችሁን ገጥማችሁ ጥርሳችሁን በምላሳችሁ ጫፍ ቍጠሩ። አብዛኞቻችሁ 28 ታገኛላችሁ። የጐደለበት ወይም የበዛበት ቢኖር አይደንግጥ፤ ቍጥሩን በደብተሩ ዳር ይጻፍና ንባቡን ይቀጥል።

ምንባብ

የሰው ልጅ ጥርስ የሚያበቅለው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የሚበቅሉት 20 የወተት ጥርሶች ናቸው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ብቅ ማለት ይጀምሩና ሦስት ዓመት ሲሞላው ተሟልተው ያልቃሉ። በእነርሱ ቦታና ከእነርሱም በስተኋላ የሚበቅሉት ቋሚ ጥርሶች ሲሟሉ 32 ይሆናሉ። ከሁሉ ኋላ ያሉት አራቱ መንጋጋዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ17 ዓመት ዕድሜ በኋላ ስለሚወጡ፣ አሁን በእናንተ አፍ ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አያበቅላቸውም።

ብዙ ወላጆች «የወተት ጥርስ እንደ ሆነ መውደቁ አይቀርም» በማለት ቢበሰብስም ቸል ይሉታል። አባባሉ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው። የወተት ጥርስ ከማኘክ ሌላ፣ ከበታቹ እያደገ ላለው ቋሚ ጥርስ ቦታ የመያዝ ሥራ አለው። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ከሆነ፣ ባለቤቱ ዞር ቢልም ተራውን ይዞ የሚቆይ ጆንያ አይታችኋል። ጆንያው ከተነሣ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ይጠጋል፤ ባለቤቱም ሲመለስ ቦታ ያጣል። የወተት መንጋጋም እስከ 10 ወይም እስከ 12 ዓመት መቆየት ሲገባው በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ቢነቀል፣ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ቋሚው ጥርስ ጊዜው ደርሶ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ስለሚያገኘው፣ ወይ በጐን ይወጣል፤ ወይ በሌላው ላይ ይደረባል፤ ወይም ድድ ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ የሚወጣው በስድስት ዓመት ገደማ፣ ከወተት መንጋጋዎች በስተኋላ ነው። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚመጣ፣ ቤተሰቡ ከወተት ጥርሶች እንደ አንዱ ይቈጥረዋል፤ ሲቦረቦርም «ይወድቃል፤ ሌላ ይተካል» ይላል። ሌላ ግን አይተካም። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ ዛሬ ማታ አፋቸውን አስከፍታችሁ ይህን ጥርስ ፈልጉ።

ጥርስን የሚያበሰብሰው፣ አያቶቻችን እንደሚሉት፣ ትል አይደለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ሲመገቡ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ይሸረሽራል። ጣፋጭ ነገር በተቀመሰ ቍጥር ይህ ጥቃት 20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ስለዚህ ከረሜላ ቀኑን ሙሉ እየመጠጡ መዋል፣ ያንኑ ያህል ስኳር ከምሳ ጋር በአንድ ጊዜ ከመብላት ይልቅ ይጐዳል።

ጥርስ የሚጣመመው ግን የወተት ጥርስ ያለ ጊዜው በመነቀሉ ብቻ አይደለም። የመንገጭላ ስፋትና የጥርስ መጠን በዘር የሚወረሱ ስለ ሆኑ፣ ጠባብ መንገጭላና ትልልቅ ጥርስ በአንድ አፍ ሲገናኙ ጥርሶቹ ይጋፋሉ። ቋሚ የፊት ጥርሶቹ ከበቀሉ በኋላም ጣት መጥባትን ያልተወ ልጅ የላይኛዎቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። መውደቅና መመታትም አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሰው እጅ ለበጎ አስቦ የሚያመጣው ጕዳት ነው።

በአገራችን በልዩ ልዩ አካባቢ፣ እንዲሁም በሱዳን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ፣ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ትኵሳት ሲይዘው ድዱን ገልጦ የመመልከት ልማድ አለ። የክራንቻው ቦታ አበጥ ነጣ ብሎ ከታየ «ግግ ነው» ይባልና፣ ገና ያልበቀለው ጥርስ በቢላ ጫፍ ወይም በሌላ ስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ሕፃኑ ይደማል፤ ቍስሉ ሊመረቅዝ ይችላል፤ ብረቱ ያልተቀቀለ በመሆኑም ቴታነስና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ሊይዙት ይችላሉ። ተርፎ ካደገም፣ ከወተት ክራንቻው ሥር በመሠራት ላይ የነበረው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥ ተጐድቶ፣ ጥርሱ ጭራሹን ይቀራል፤ ወይም ቅርጹ ተበላሽቶ ያለ ቦታው ይወጣል። ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆችም የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ምልክት አይተው መዝግበዋል።

እናቶች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም። ዐይናቸውም አላታለላቸውም፤ ሕፃኑ ድዱ ባበጠበት ሰሞን ተቅማጥ ይዞታል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆኗል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከጡት ሌላ ምግብ መቅመስ ይጀምራል፤ ይድኻል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ በማሕፀን ሳለ ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያም እየደከመ ይሄዳል። ተቅማጡ የሚመጣው በምግቡ፣ በውኃውና በእጁ በኩል ወደ ሆዱ ከሚገቡ ተሕዋስያን ነው። ጥርሱ አብሮ በመድረሱ ብቻ ጥፋተኛ ተባለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ሲቆም ደግሞ ምስጋናው ለነቀለው ሰው ይሰጣል። የማያቆም የሆነ እንደ ሆነ ሕፃኑ የሚያስፈልገው ስለት ሳይሆን፣ ከሰውነቱ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካለት የኦ.አር.ኤስ. ብጥብጥ፣ ጡትና የጤና ባለሙያ ነው።

ታዲያ የጠመመ ጥርስ ይቃናል? አዎን፣ ይቃናል፤ ጥርስ ግንድ ላይ እንደ ተመታ ምስማር አይደለምና። ሥሩ ከመንገጭላው ዐጥንት ጋር በቀጥታ አልተጣበቀም፤ በሁለቱ መካከል ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ስስ የጅማት ሽፋን አለ። ጥርሱ ሳያቋርጥ በቀስታ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ፣ በተጫነው ወገን ያለው ዐጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል፤ በተሳበው ወገን ደግሞ አዲስ ዐጥንት ይሠራል። ጥርሱ እንዲህ እያለ ከነሥሩ በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። ኀይል ቢጨመርበት ቶሎ የሚደርስ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ኀይል በጅማቱ ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ስለሚያፍን ጕዞው ይዘገያል፤ ሥሩም ሊጐዳ ይችላል።

ይህን ተፈጥሮ ለሕክምና የማዋል ሐሳብ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ፒየር ፎሻር የተባለው ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥርሶችን በክር ከብረት ጥፍጥፍ ጋር አስሮ ወደ ቦታቸው ስለ መሳብ ጽፏል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስ አገጣጠም ጕድለቶችን፣ የላይኛውና የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ እንዴት እንደሚገናኙ በማየት በሦስት ክፍል መደባቸው። ከላይ ፈልጉት ያልናችሁ መንጋጋ ይኸው ነው። ኦርቶዶንቲክስ የሚባለው የጥርስ ማቃናት ሕክምና ዛሬም በዚህ አመዳደብ ይጠቀማል።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራው እንዲህ ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ራጅ አንሥቶ ያልበቀሉትን ጥርሶችና የሥሮቹን አቀማመጥ ያያል። ቀጥሎ በየጥርሱ ላይ ትንንሽ የብረት ወይም የሸክላ ቍራጮችን ይለጥፍና በእነርሱ መካከል ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል። ሽቦው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ስለሚታገል ጥርሶቹን ይዞ ይሄዳል። ብሬስ የሚባለው ይህ ነው። ታካሚው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየተመላለሰ ሽቦውን ያስጠብቃል፤ ወይም ያስለውጣል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሽቦ ፋንታ በጥርሱ ልክ የተሠራ፣ እንደ መስተዋት የጠራ የፕላስቲክ ሽፋን በየጊዜው እየቀያየሩ ማድረግም አለ፤ ለሁሉም ዐይነት ጕድለት ግን አይሆንም።

ሽቦ ያለበት አፍ ጥንቃቄ ይሻል። ቆሎና አጥንት ቍራጮቹን ይነቅሏቸዋል። ምግብ በሽቦው ሥር ስለሚሸጐጥ፣ ቢያንስ ጧትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ግድ ነው። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በደንብ ለያዘው ሰው ጥርስን ያጸዳል፤ ከሽቦው ሥር ግን አይደርስም። ያልተጸዳ እንደ ሆነ ሽቦው ሲነሣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ፣ ቍራጮቹ በነበሩበት ዙሪያ ግን ነጫጭ ጠባሳ ይዞ ይገኛል።

ሽቦው ከተነሣ በኋላ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። አዲሱ ዐጥንት እስኪጠና፣ የተሳበው ጅማትም እስኪላመድ ድረስ ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ይሻል። ስለዚህ ሐኪሙ ሪቴይነር የሚባል ማቆያ ይሰጣል፤ ታካሚውም በታዘዘለት መሠረት ለብዙ ጊዜ፣ በተለይ ሌሊት፣ ያደርገዋል።

ይህ ሕክምና ለልጆች ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ዐጥንት በማናቸውም ዕድሜ ስለሚታደስ የአርባ ዓመት ሰው ጥርስም ይቃናል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ልጅ መንገጭላው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ዕድገቱን መምራት ይቻላል፤ የአዋቂ መንገጭላ ግን ዕድገቱን ጨርሷል፤ ስለዚህ ጕድለቱ ከጥርሱ ሳይሆን ከመንገጭላው የመጣ እንደ ሆነ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። አዋቂው የድድ በሽታ ካለበትም አስቀድሞ እርሱን መታከም አለበት፤ በታመመ ድድ ውስጥ ጥርስን መግፋት መንቀል ነውና። ልጆችን በሰባት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ በሐኪም ማሳየት መልካም ነው የሚባለውም፣ ሁሉም ሽቦ ስለሚያስፈልጋቸው ሳይሆን የሚያስፈልጋቸውን ለይቶ ለማወቅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ከቀጥታ መሥመር የወጣ ጥርስ ሁሉ በሽታ አይደለም። በእኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው፤ በዘፈንም በቅኔም ተወድሷል። ሕክምናው ገንዘብም ጊዜም የሚጠይቅና በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች የሚገኝ ስለሆነ፣ ማኘክ የከለከለ፣ ድድ የሚያቈስል ወይም ለጽዳት የማይመች ጥርስ ይቅደም። ነገር ግን የመልክን ነገር እንደ ቅንጦት ብቻ መቍጠርም ልክ አይደለም። ይህን የሚጽፈው መምህር፣ መልሱን እያወቀች እጇን የማታወጣ፣ ስትናገርም አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ተማሪ አስተምሯል። የክፍሉ ልጆች ያወጡላትን ስም እዚህ አንጽፈውም።

የቃላት ጥናት

ገጣጣ የሚባለው የላይኛው ጥርሱ ወደ ፊት የወጣ፣ ወላቃ የሚባለው ጥርሱ የጐደለ፣ ፍንጭት የሚባለው ደግሞ ከፊት ጥርሶቹ መካከል ክፍተት ያለው ሰው ነው። «ጥርስ» ከእነዚህ ቃላት ጋር ሲጣመር መድረሻ ፊደሉ ወደ ግእዝ ይለወጣል፤ ጥርሰ ገጣጣ፣ ጥርሰ ወላቃ፣ ጥርሰ ፍንጭት እንላለን። ይህ ከግእዝ የወረስነው የዘርፍ አያያዝ ነው። «ዐይነ» እና «ልብ»ን ከመሰሉ ቃላት ጋር የሚመሠረቱ ሌሎች አራት ጥምር ቃላት ፈልጉ።

«ጥርሱን ነከሰ»፣ «ጥርስ ነከሰበት»፣ «ጥርሱን የነቀለበት ሙያ»፣ «የሰው ጥርስ ውስጥ ገባ» የሚሉት ፈሊጣዊ አነጋገሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥቂት ፊደላት ብቻ ቢለያዩም ትርጕማቸው እጅግ የተራራቀ ነው። ልዩነቱን በዐረፍተ ነገር አሳዩ።

ሰዋስው፤ የድርጊት ባለቤትና አምስቱ አዕማደ ግስ

ነባሮቹ የሰዋስው ሊቃውንት ግስን በአምስት አዕማድ ይከፍሉታል። «ገፋ» የሚለውን ግስ ብንወስድ ምንባቡ ራሱ ምሳሌ ይሆነናል። ሽቦው ጥርሱን ገፋ ስንል አድራጊ፤ ሐኪሙ በሽቦ ጥርሱን አስገፋ ስንል አስደራጊ፤ ጥርሱ ተገፋ ስንል ተደራጊ፤ ጥርሶቹ ተጋፉ ስንል ተደራራጊ፤ የመንገጭላው ጥበት ጥርሶቹን አጋፋቸው ስንል አደራራጊ ነው። ሁሉም ግስ ግን እንዲህ ያለ ታዛዥ አይደለም። «ቀና» ከሚለው ግስ «አቀና» እና «ተቃና» ይወጣሉ፤ «አስቀና» ብንል ግን ትርጕሙ ወደ ቅናት ይሄድና ጥርስን የሚመለከት መሆኑ ይቀራል።

አሁን እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. የሕፃኑ ጥርስ ተነቀለ።
ለ. አንዲት ሴት የሕፃኑን ጥርስ ነቀለች።
ሐ. አያቱ የሕፃኑን ጥርስ አስነቀሉ።

ሦስቱም ስለ አንድ ድርጊት ይናገራሉ። በ«ሀ» ማን እንደ ነቀለ አይታወቅም፤ ጥርሱ በራሱ የወጣ እስኪመስል ድረስ አድራጊው ተሰውሯል። በ«ለ» የነቀለችው ትታወቃለች፤ ማን እንዳዘዛት ግን አይታወቅም። በ«ሐ» ደግሞ አሳቡ የማን እንደ ሆነ ይገለጻል፤ ስለት የያዘው እጅ ይሰወራል። «ጥርሱ ተነቀለበት» ብንል ደግሞ ጕዳቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ እናውቃለን። እንግዲህ ስለ አንድ ጕዳት ስትጽፉ የምትመርጡት ዐምድ የትኛውን ሰው እንደሚያሳይ፣ የትኛውን እንደሚሰውር አስቀድማችሁ አስቡ።

ሁለተኛው ነገር አያያዥ ቃላትን ይመለከታል። «ሲ»፣ «ከ… በኋላ»፣ «ከ… ወዲህ» ጊዜን ያመለክታሉ። «ስለ»፣ «በመሆኑ»፣ «የተነሣ»፣ «ምክንያቱም» ግን ምክንያትን ያመለክታሉ። «ሕፃኑ ጥርስ ሲያበቅል አስቀመጠው» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። «ሕፃኑ ጥርስ ስላበቀለ አስቀመጠው» የሚለው ግን ሐሰት ነው። በ«ሲ» እና በ«ስለ» መካከል ያለው ርቀት የአንዲት ፊደል ያህል ነው፤ ግግ የሚነቀለው ግን በዚያች ርቀት ውስጥ ነው።

ድርሰት

ከዚህ በታች ያለውን አንቀጽ አንብቡ።

«እኅቴ ጥርሷ የተደራረበ ስለ ነበር ሽቦ ታሰረላት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽቦው ተነሣላትና ጥርሷ ቀጥ አለ። በስድስተኛው ወር ግን ተመልሶ መጣመም ጀመረ። ስለዚህ የጥርስ ሽቦ አይጠቅምም።»

አንቀጹ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ አጻጻፉም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ በመጨረሻው «ስለዚህ» ላይ ይወድቃል። ጸሐፊው በመካከል የሆነውን አልጠየቀም። እኅቱ ማቆያ ተሰጥቷት ነበር? ተሰጥቷትስ ከሆነ አድርጋዋለች? እነዚህ ሳይመለሱ «ስለዚህ» ማለት አይገባም። በደብተራችሁ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል በጻፋችሁ ቍጥር ከበላዩ ያለውን ዐረፍተ ነገር ተመልሳችሁ ብታነቡ ግማሹን ያህል ትሰርዛላችሁ ብለን እንገምታለን።

መልመጃ

1. ከላይ ያለውን አንቀጽ፣ እኅትየዋ ማቆያዋን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ተወችው አድርጋችሁ እንደ ገና ጻፉት። «ምክንያቱም» እና «ስለዚህ» አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይግቡ።

2. በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ ጥርሳቸው የቀላ ወይም ቡናማ የሆነ ሰዎች አሉ። አላዋቂ ሰው «ጥርሳቸውን ስለማይፍቁ ነው» ይላል። እውነቱ ይህ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች ያለው የጕድጓድ ውኃ ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ቀለሙ የሚለወጠው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ በመሠራት ላይ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ባደገ ጊዜ ወደ ቦታው የመጣ ሰው ጥርሱ በዚህ አይቀላም። በምንባቡ ጥቂት ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ጥርስን ይጠብቃል መባሉንም አስታውሱ። እነዚህን አሳቦች በአንድ ገጽ አቀናብራችሁ ለዚያ አላዋቂ ሰው መልስ ጻፉ።

3. የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ተዘበራርቀዋል። ቅደም ተከተላቸውን አስተካክላችሁ፣ ጊዜንና ምክንያትን በሚያሳዩ አያያዦች አገናኝታችሁ አንድ አንቀጽ አድርጓቸው። በሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሲደርቁ ይሞታሉ። አንድ ልጅ በኳስ ጨዋታ ቋሚ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወለቀ። ጓደኛው ጥርሱን በወተት ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ጥርሱን የያዘው ሥሩን ሳይነካ በሚታየው ክፍል ነበር። ጥርሱ ወደ ቦታው ተመልሶ ተተከለ። የወተት ጥርስ ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር።

4. በሰፈራችሁ «ከዚህ የተነሣ ነው» ተብሎ የሚታመን ስለ ጤና የሚነገር አንድ ነገር ምረጡ። ሁለት አዛውንቶችን «ይህን መጀመሪያ ከማን ሰሙ? እርስዎስ በዐይንዎ ምን አዩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያዩትን በአንድ አንቀጽ፣ ያመኑትን በሌላ አንቀጽ ለያይታችሁ ጻፉ። በሦስተኛው አንቀጽ፣ በዚያው ጊዜ ሌላ ምን ሆኖ እንደ ነበረ አስቀምጡ።